ውኃዋን ማን ይቀዳል?

የዘመናችን ገጣሚያን ደሴት መፍጠር ለምደዋል። ካርታ የማያውቃት፣ ዘወትር የለመለመች፣ ፏፏቴዋ የማይነጥፍ ደሴት። ስም ያወጡላታል፤ ፍቅረኛቸውንም ያሰፍሩባታል፤ ዝናቧ በየትኛው ወር እንደሚገባ ብትጠይቋቸው ግን ይቆጣሉ። «ምናብ እኮ ነው!» ይሏችኋል። እኔ ደግሞ ምናብ ከውኃ ጥያቄ ነጻ አያወጣም ባይ ነኝ።

ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 «ዩቶፒያ»ን ሲያሳትም ለደሴቲቱ ለም አፈር አልሰጣትም፤ አየሯም እምብዛም ጤናማ አይደለም። ሕዝቧ ጉድለቱን በሥራ ያሸንፈዋል። በዋና ከተማዋ በአማውሮት ደግሞ የወንዙ ውኃ ሊደርስባቸው ለማይችል ሰፈሮች የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ተሠርቶላቸዋል። እዚህ ላይ ስደርስ ሣቅሁ፤ ሐርተሼክ ተቀምጬ ነዋ የማነበው! ብርካ ማለት ይኸው አይደለምን? ተቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ጎርፍ የሚጠብቅ።

ሳሙኤል ጆንሰን ሀገራችንን ሳይረግጥ እ.ኤ.አ. በ1759 በ«ራሴላስ» ተራራ የከበበው የደስታ ሸለቆ ሠራልን፤ ሐይቅ አለው፣ የሚጎድል ነገር የለውም። ልዑሉ ግን ሰልችቶት ሾልኮ ይወጣል። ጆንሰን ቢያንስ ይህን አውቋል። ከእኛዎቹ ደሴቶች ማንም አይሸሽም፤ ማንም አይጠማምና።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ደመናቸው ነው። ሐዘን በመጣ ቁጥር ሰማዩን ያጠቁሩታል። ይህ የደጋ ሰው ሰማይ ነው፤ ለአማርኛ ሁሉ ማን አወረሰው? ጂላል በረዘመበት ዓመት የጠቆረ ሰማይ ያየ የሐርተሼክ ሰው አያለቅስም፤ ጀሪካኑን ያወጣል።

«ውበት ትጠላለህ፤ የባንክ ጸሐፊ ሁሉን በሂሳብ ይለካል» ብሎኛል አንድ ወዳጄ። ይሁን፣ እንግዲያውስ ሂሳብ እንካችሁ። በ1980 ዓ.ም. የሐርጌሳን ድብደባ የሸሸ ሕዝብ ወንዝ በሌለበት በዚህ ሜዳ ሰፈረ። ጣቢያው ከሩብ ሚሊዮን በላይ ነፍስ ያዘ፤ በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ እስከመባል ደረሰ። ውኃው በቦቴ ይጓጓዝ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። ከምንም ተነሥታ፣ በመኪና በሚመጣ ውኃ ኖራ፣ ዳግም ሜዳ የሆነች ከተማ! ከገጣሚዎቻችን አንዱ ፈጥሯት ቢሆን ኖሮ «በዛ» ባልነው።

ደሴታችሁን ጻፉ፤ አልከለከልኋችሁም። ነገር ግን ያችን ጠጉረ ረጅም ልጅ በማለዳ ቀስቅሷት፤ ጀሪካን አስይዛችሁ ላኳት፤ ስንት ሰዓት እንደተጓዘችም ንገሩኝ።