የበሽታን አካሄድ ማወቅና የነርሶች ትምህርት

ነርስ መርፌ የምትወጋ፣ ቁስል የምታጥብና ትኩሳት የምትለካ ሠራተኛ ናት፤ በሽታው ከምን ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ መመርመር ግን የሐኪሙ ፈንታ ነው የሚሉ ሰዎች በመሥሪያ ቤትም በገበያም አይታጡም። ይህ አነጋገር ሐኪም በየደጃፉ ላለበት አገር ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ከአሥመራ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ዳር ባለች ጤና ጣቢያ ግን በሽተኛውን በመጀመሪያ የምታየው፣ አንዳንድ ጊዜም ብቻዋን የምታየው፣ ነርሲቱ ናት። ስለዚህ የበሽታን አካሄድ ለነርሶች ማስተማር ትርፍ ነገር አለመሆኑን፣ አስተዳዳሪውም ነጋዴውም በሚገባ ከሚያውቁት ከወባ ተነሥተን ለመግለጽ እንወዳለን።

አንድ ነጋዴ በመስከረም መጨረሻ፣ የክረምቱ ዝናብ ውሃ በየጉድጓዱ በቀረበት ጊዜ፣ ወደ ተሰነይ ወርዶ ሦስት ሌሊት ከጭነቱ አጠገብ አደረ እንበል። ወደ አሥመራ ተመልሶ ሱቁን ይከፍታል፤ ሳምንት ሙሉ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይነግዳል። በአሥረኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ራሱን ይፈልጠዋል፤ ወገቡን ይቆርጠዋል፤ ብርድ ብርድ ይለዋል። እርሱም ምች መታኝ ብሎ ዳማ ከሴ አስጨምቆ ይጠጣና ተከናንቦ ይተኛል። ቆላውን ከረሳው ሰንብቷልና ሕመሙን ከጉዞው ጋር አያገናኘውም።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሴቲቱ የወባ ትንኝ በሌሊት ስትነድፈው በምራቋ ውስጥ የነበሩት ተሐዋስያን ወደ ደሙ ገቡ፤ ከደሙም ብዙ ሳይቆዩ ወደ ጉበቱ አለፉ። በዚያ አንድ ሳምንት ያህል ተሸሽገው ይራባሉ፤ አንዲቱ ተሐዋሲ በብዙ ሺሕ ተባዝታ ትወጣለች። በዚህ ጊዜ ትኩሳቱ ቢለካ ደኅና ነው፤ ደሙም ቢመረመር ምንም አይገኝበትም። ከጉበት የወጡት ተሐዋስያን ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይገባሉ፤ በውስጣቸውም እየተመገቡ ይራባሉ፤ በ48 ሰዓት ገደማም ሕዋሱን አፈንድተው ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በሽተኛውን የሚያንቀጠቅጠውና በኋላም በላብ የሚያጠምቀው ይህ ፍንዳታ ነው። ጣሊያኖች ለበሽታው «ማላርያ» የሚል ስም ያወጡለት ከረግረግ የሚነሣ መጥፎ አየር ያመጣዋል ብለው ነበር፤ አልፎንስ ላቨራን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ ተሐዋሲውን በሰው ደም ውስጥ እስኪያየው ድረስ ብዙ ሊቃውንትም ይህንኑ ያምኑ ነበር።

ይህን የተማረች ነርስ ትኩሳት መለኪያውን ከማንሣቷ በፊት «ከሁለት ሳምንት በፊት የት አደሩ?» ብላ ትጠይቃለች። ያልተማረችው ዛሬ የሚሰማውን ብቻ ጠይቃ የራስ ምታት ክኒን ሰጥታ ታሰናብተዋለች።

ከወባ ዓይነቶች መካከል ፋልሲፓረም የተባለው የሚያስፈራው ትኩሳቱ ስለሚበረታ ብቻ አይደለም። በርሱ የተያዙት የደም ሕዋሳት እንደ ሙጫ ሆነው በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ የደሙንም መተላለፊያ ያጠባሉ። ይህ በአንጎል ሲሆን በሽተኛው ይቃዣል፣ ያንዘፈዝፈዋል፣ ራሱን ይስታል፤ ኩላሊት ሲጎዳ ሽንቱ ይቀንሳል፤ በእርጉዝ ሴት ሲሆን ደግሞ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችተው ለፅንሱ የሚደርሰውን ምግብ ያሳንሳሉ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል። ቀይ ሕዋሳት በብዛት ስለሚፈርሱ ሕፃናት ይገረጣሉ፤ ትንፋሻቸውም ይፈጥናል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ላብ አልቦት ትኩሳቱ የበረደለትን ሰው ቤተ ዘመዱ «ተመስገን፣ ለቀቀው» ሲል፣ አካሄዱን የምታውቅ ነርስ ግን አእምሮው ተመልሶ እንደሆነ፣ ውሃ መዋጥና ቀጥ ብሎ መቀመጥ ችሎ እንደሆነ ትመለከታለች፤ ካልቻለም መኪና ፈልጋ ወደ ሆስፒታል ትልከዋለች እንጂ እስኪነጋ አትጠብቅም።

ቆላ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ደጋግመው ስለሚነደፉ ሰውነታቸው በሽታውን በከፊል መቋቋም ይለምዳል። ደገኛ ይህ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ በወጣ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 ያህል እንደ ሞቱ የተገመተበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሾፌርና ተሸካሚ ከደጋ ወደ ቆላ የሚልክ ነጋዴ የመኪናውን ጎማ ሳያይ እንደማይልክ ሁሉ፣ ሰዎቹንም አጎበር ሳያስይዝ መላክ አይገባውም።

ቫይቫክስ የተባለው ደግሞ እንደ ፋልሲፓረም ገዳይ ባይሆንም ተንኮለኛ ነው። ከተሐዋስያኑ አንዳንዶቹ በጉበት ውስጥ ያንቀላፉና ከወራት በኋላ፣ አዲስ ትንኝ ሳትነድፈው፣ ነቅተው በሽተኛውን እንደገና ይጥሉታል። ሰውየውም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ነርሲቱን ይወቅሳል። የደሙን ተሐዋሲ የሚገድለው መድኃኒት ግን በጉበት የተኙትን አይነካም። ለእነርሱ ፕሪማኪን አለ፤ ሆኖም ጂ-ስድስት-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም በደማቸው ለጎደላቸው ሰዎች ቀይ ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ ከጎረቤት ተበድረው የሚውጡት ነገር አይደለም።

የምርመራውም ነገር እንዲሁ ዕውቀት ይፈልጋል። ከጣት ደም ተወስዶ በሩብ ሰዓት ገደማ መልስ የሚሰጠው ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገው ራሱን ተሐዋሲውን ሳይሆን እርሱ የሚሠራውን አንድ ፕሮቲን ነው። በኤርትራ በጊንዳዕ ሆስፒታልና በሌሎችም ስፍራዎች ይህን ፕሮቲን የማይሠሩ የፋልሲፓረም ተሐዋስያን በብዛት ስለ ተገኙ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2016 መመርመሪያውን እስከ መለወጥ ደርሳለች። መመርመሪያው «የለም» ሲላት በሽተኛውን የምታሰናብት ነርስ አለች፤ የትኩሳቱንና የጉዞውን ቀን ቆጥራ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ የምታደርግም አለች። የበሽተኛው ዕድል ከየትኛዋ እጅ እንደሚወድቅ የሚወሰነው አስቀድሞ በትምህርት ቤት ነው።

ከላይ የጠቀስነው ጥያቄም ቢሆን ሊሰፋ ግድ ሆኗል። አኖፌለስ ስቴፌንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በኢትዮጵያ ተገኝታለች፤ በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወራት ለተነሣው ወባም ምክንያት ሆናለች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። በጅቡቲ በ2012 ሃያ ሰባት ብቻ የነበረው የወባ በሽተኛ ቁጥር በ2020 ከ73,000 በልጧል። እንግዲህ ወደብና የንግድ መንገድ ባለበት አገር ነርሲቱ «ወደ ቆላ ወርደው ነበር?» ብላ ብቻ አትቁም፤ «በግቢዎ ክዳን የሌለው በርሜል አለ?» ብላም ትጠይቅ።

አስተዳዳሪዎች ለዚህ ትምህርት የተመደበውን ሰዓት እንዳይቀንሱ፣ ለየጤና ጣቢያውም ማይክሮስኮፕና በርሱ መሥራት የሚችል ሰው እንዲሰጡ እንጠይቃለን። ነጋዴዎችም የታመመ ሾፌራቸው የታዘዘለትን የሦስት ቀን መድኃኒት እስኪጨርስ ድረስ ከደመወዙ አይቁረጡበት፤ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት የቀረውን ክኒን በኪሱ ይዞ ወደ መሪው የሚመለሰው የዕለት ገንዘቡ እንዳይቀርበት ፈርቶ ነውና።