አሮጌውን ኮምፒውተር ከመንቀል መጎንደል

ያረጀ የቡና ዛፍ ምርቱ ሲቀንስ ልምድ ያለው የጎማ ወይም የማና ገበሬ ለመንቀል አይቸኩልም። ግንዱን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ይጎነድለዋል፤ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ደህና ደህናዎቹን መርጦ ያሳድጋል። ሥሩ ሕያው በመሆኑ ዛፉ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ እንደገና ፍሬ መስጠት ይጀምራል። ይህን አሠራር የግብርና ባለሙያዎቻችንም ያስተምሩታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ጥግ አቧራ ለለበሱት ኮምፒውተሮችም ተመሳሳይ አስተሳሰብ ያስፈልጋቸዋል።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረጉት ሁለት ክስተቶች ናቸው። የመጀመሪያው የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒውተር ደግሞ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። ሁለተኛው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቋረጡ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 የቆዩ ፕሮሰሰሮችን በይፋ ስለማይቀበል፣ ሥራ መሥራት የሚችሉ በርካታ ማሽኖች በአንድ ቀን «ያረጁ» ተባሉ። ለመሆኑ እነዚህ ማሽኖች በእርግጥ ሞተዋልን?

ዝግመቱ ከየት ይመጣል?

አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩን የሚያንቀራፍፈው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ግድ ይላል። የማንበቢያው ክንድ ቦታውን ለመያዝ የሚወስደውን 9 ሚሊሰከንድ ያህል ስንጨምርበት ድምሩ 13 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በየቦታው የተበተኑ 10000 ትንንሽ ንባቦችን ያካሂዳል ብንል፣ መጠበቂያው ብቻ 130 ሰከንድ ነው። ምንም የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስኤስዲ አንዱን ንባብ በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጽም ያው ሥራ በ1 ሰከንድ ያልቃል።

ኤስኤስዲ በሁለት መንገድ ይገጠማል። አንደኛው በአሮጌዎቹም ማሽኖች ላይ የሚገኘው ሳታ የተባለው መስመር ሲሆን ጣሪያው በሰከንድ 600 ሜጋባይት ነው። ሁለተኛው ኤንቪኤምኢ በተባለው ደንብ መሠረት ከፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ጋር በቀጥታ የሚገናኘው አዲሱ ዓይነት ነው። በሁለተኛው ትውልድ መስመር ላይ እንኳ በአራት ጥንድ ሽቦ በሰከንድ እስከ 2000 ሜጋባይት ሊያስተላልፍ ይችላል። አዳዲስ ላፕቶፖች ይዘውት የሚመጡት፣ ገበያውም እያዘነበለ ያለው ወደዚሁ ወደ ሁለተኛው ነው።

እንግዲህ አስገራሚው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። የኤንቪኤምኢ የመጀመሪያ ደንብ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያ ዓመትና በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ አዲሱን ኤስኤስዲ በአስማሚ ካርድ ብንሰካውና ሊኑክስን ከሌላ ዲስክ ብናስነሳ፣ ኤስኤስዲው ወዲያው ይታያል፤ ይጻፍበታል፤ ይነበብበታል። ኮምፒውተሩን ከዚያው ከኤስኤስዲው ላይ እናስነሳው ስንል ግን ማዘርቦርዱ አላየሁም ይላል። ስለዚህ የጎደለው ሽቦ ወይም ትራንዚስተር አይደለም። የጎደለው፣ ማብሪያው ሲጫን ፕሮሰሰሩ ከሁሉ አስቀድሞ በሚያነበው መነሻ ፕሮግራም (በተለምዶ ባዮስ በምንለው) ውስጥ መኖር የነበረበት አንድ ክፍል ነው። የክፍሉ መጠን ከጥቂት አሥር ኪሎባይት አይበልጥም። አምራቾች ለአሮጌ ሞዴሎች ማሻሻያ ማውጣት ሲያቆሙ፣ በዚህች ቅንጣት ጉድለት የተነሳ አንድ ሙሉ ትውልድ ማሽን ከአዲሱ ዕቃ ተለየ።

ባዮስን መክፈት

ጉድለቱ ሊሞላ ይችላል። ባዮሱ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ስምንት እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ቺፗን በርካሽ መጻፊያ መሣሪያና በመቆንጠጫ ይዞ ይዘቷን ሁለት ጊዜ ማንበብ፣ ሁለቱ ንባቦች አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ፣ ዋናውን ቅጂ በጥንቃቄ ማስቀመጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ቀጥሎ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነውን የኤንቪኤምኢ ክፍል በቅጂው ውስጥ ተስማሚ በሆነው ቦታ ማስገባት፣ ሌሎቹ ክፍሎች አለመነካታቸውን መመርመር፣ መልሶ መጻፍና የተጻፈውን ከታሰበው ጋር ማመሳከር ይከተላል። ይህ የሚሠራው ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን የባዮስ ሥርዓት በያዙ ማዘርቦርዶች ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ለነበሩት ይህ መንገድ አያገለግልም። ቡት ጋርድ የተባለው የኢንቴል ቁልፍ የተዘጋባቸው ማሽኖችም የተለወጠ ባዮስ አይቀበሉም።

አደጋው ቀላል አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች የኮምፒውተሮችን ባዮስ ሲያበላሽ፣ ጤነኛ የነበሩ ማሽኖች በዚያው ቀን መነሳት ተስኗቸዋል። በእኛ ከተሞች ደግሞ የመብራት መቆራረጥ አለ። በማዘርቦርዱ በራሱ አማካይነት ባዮስ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። የውጭ መጻፊያ ያለው ሰው ግን ቺፗን እንደገና ይጽፋታል፤ ለመጻፊያውም የላፕቶፕ ባትሪ ይበቃዋል። በ3.3 ቮልት ለምትሠራ ቺፕ 5 ቮልት የሚልክ መጻፊያ እንዳለም መዘንጋት አይገባም፤ አስቀድሞ በመለኪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ያዘጋጀውን ባዮስ አውርዶ መጫን ፈጽሞ አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2018 የተጋለጠው ሎጃክስ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚህችው ቺፕ ውስጥ ይደበቅ ስለነበር ዲስክ በመቀየር አይወገድም ነበር።

ታዲያ ድካሙ ይገባዋልን?

«ሳታ ኤስኤስዲ ገዝቶ መግጠም ሲቻል ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከላይ በስሌቱ እንዳየነው ትልቁ ዝላይ ከ13 ወደ 0.1 ሚሊሰከንድ የሚደረገው ነው፤ ይህን ደግሞ ሳታውም ያስገኛል። ስለሆነም ሳታ ኤስኤስዲ የሚያገኝ ሰው ቺፗን ባይነካ ይሻለዋል። እጁ ላይ ያለው ኤንቪኤምኢ ብቻ ከሆነም ማስነሻውን በትንሽ ፍላሽ ላይ አድርጎ ቀሪውን በኤስኤስዲው ላይ ማኖር ይችላል። የደኅንነት ማሻሻያ መቋረጡንም ባዮስ መለወጥ አይፈታውም፤ ለዚያ መፍትሔው እንደ ሊኑክስ ያለ ነፃ ሥርዓት ነው።

ይህ ጸሐፊ ግን ሙያው ያስፈልገናል ይላል። ባዮስን አንብቦ መጻፍ የሚችል ሰው በከሸፈ ማሻሻያ ምክንያት የሞተን ማዘርቦርድ ያስነሳል። ማሽኑ መቼ እንደሚጣል የሚወስነውም አምራቹ ብቻ መሆኑ ይቀራል። በዚህ ላይ የፊዚክስ ትምህርት አለበት። የባዮሷም ቺፕ የኤስኤስዲውም ማኅደር የተመሠረቱት ዳዎን ካንግና ሳይመን ዚ እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረቡት ሐሳብ ላይ ነው፤ በዙሪያው በማያስተላልፍ ንጣፍ በታጠረ በር ውስጥ ኤሌክትሮን ማሰር። ኤሌክትሮኑ ያን አጥር ሾልኮ የሚያልፍበትን ሕግ ተማሪዎቻችን በኳንተም መካኒክስ ክፍል በሰሌዳ ላይ ያሰሉታል። ያው ሕግ ሲሠራ በእጃቸው ቢያዩት ምን ይከፋል?

ምን ይደረግ?

የቡና ከተሞቻችን የኮምፒውተር ፍላጎት እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጥበቃ ደንብ ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ዝግጅቱ አይቀርም። ይህን መዝገብ የሚይዝ የአጋሮ ወይም የሊሙ ገነት ማኅበር አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አቅም ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ፋኩልቲያችን አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ ጥቂት መጻፊያዎችና መለኪያ መድቦ የባዮስ ንባብና እድሳት ለተማሪዎች የቤተ ሙከራ ልምምድ ይሁን። ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን በሩ ለሰቃ፣ ለየቡ፣ ለአጋሮና ለሌሎቹም ከተሞች ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ይከፈት፤ የጅማ ጠጋኞችም ይጋበዙ። ቺፕ ነቅሎ መበየድን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል፤ እኛም የምናካፍላቸው አናጣም። ሦስተኛ፣ በየማዘርቦርዱ ዓይነት ያልተነካው ባዮስ ቅጂ በፋኩልቲው ይቀመጥ።

የተወገደ ማዘርቦርድ እርሳስና ሌሎች መርዛም ብረቶችን ይዞ ወደ አፈራችን እንደሚገባም አንርሳ። አገራችን የአደገኛ ቆሻሻ ዝውውርን የሚመለከቱትን የባዝልንና የባማኮን ስምምነቶች ተቀብላለች። ከውጭ የሚመጣውን ከመቆጣጠር ጎን ለጎን በእጃችን ያለውን ዕድሜ ማራዘምም የዚሁ ኃላፊነት አካል ነው። እንግዲህ የሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ለፊርማ ሲቀርብ፣ ከመፈረም በፊት ማሽኖቹ በዚያ ጠረጴዛ እንዲያልፉ ማድረግ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ነው።