ጄቱንስ አየነው፤ ሞተሩን ማን ፈተሸው?

ወገን፣ በጥር 2016 ሱኮይ-30 ተዋጊ ጄት ለአየር ኃይሉ ሲገባ ፎቶው በየገጹ ዞረ። ግማሹ ፎከረ፣ ግማሹ ተሳደበ። ከሁለቱም ወገን ግን «ሞተሩ ሰዓቱን ሲጨርስ ማን ይፈታዋል? ተጠግኖ ከመገጠሙ በፊት ማን ፈትሾ ይፈርምበታል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። የሉዓላዊነት ጥያቄ ያለው ግን እዚያ ጋ ነው። ሞተሩን ለማስፈተሽ ባሕር ማዶ የሚልክ አገር፣ ላኪው ፊቱን ያዞረ ቀን ጄቱ የቆመ ብረት ይሆንበታል።

የጄት ሞተር እንደ አይሱዙ ሞተር «ተነሳ፣ በቃ» ተብሎ አይገጠምም። ከጥገና ሲወጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መፈተሻ ክፍል፣ ቴስት ሴል ወደሚሉት ነው። እዚያ ብረት መቆሚያ ላይ ታስሮ ይነሳል፤ ከዝቅተኛ ዙር እስከ ሙሉ ኃይል፣ ከዚያም እስከ አፍተርበርነር ይወጣል። ምን ያህል እንደሚገፋ፣ የጭሱ ሙቀት፣ የዘይቱ ግፊት፣ የነዳጁ ፍጆታ፣ ንዝረቱ ሁሉ ይመዘገባል። ሲጠፋ ደግሞ ቦረስኮፕ የሚባል ቀጭን መመልከቻ በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ ብሌዶቹን አንድ በአንድ ያያል። የዘይት ማጣሪያው ተከፍቶ የብረት ብናኝ ይፈለጋል፤ ብናኝ ከተገኘ ውስጥ ያለ ኩሽኔታ እየተበላ ሊሆን ይችላል። አውሮፕላኑ ላይ ከተገጠመ በኋላም መሬት ላይ ታስሮ እንደገና ይነሳል። የኤፍ-5 ሞተር በደቂቃ ከ16,000 ጊዜ በላይ ነው የሚዞረው። በዚያ ፍጥነት አንዲት የተሰነጠቀች ብሌድ ምን እንደምትሠራ እናንተው አስቡት።

እዚህ ጋ ለኛ ለደገኞች የምትገባ ነገር አለች። ፋብሪካው የሞተሩን ኃይል የሚጽፈው በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት አስልቶ ነው። ቢሾፍቱ ግን 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከቀየት ወደ ጓሳ ስትወጡማ 3,000 ሜትር ይታለፋል፣ የግፊቱ ሲሶ ሊጎድል ምንም አይቀረው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገታችን ላይ ለምን ቁና ቁና እንደሚተነፍስ ታውቃላችሁ። ሞተርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር ቢሾፍቱ ላይ ሲፈተሽ መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው አንሶ ይገፋል። ፈታሹ የዕለቱን ሙቀትና ግፊት ይዞ ቁጥሩን አስልቶ ወደ ባሕር ጠለል ካልመለሰው ጤነኛውን «ታሟል» ይለዋል። የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የታመመውን «ከፍታው ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ያቺ «ከፍታው ነው» የምትል ቃል አብራሪ ትገድላለች።

በ1969 የዚያድ ባሬ ጦር ሲገባ አሜሪካ ከደርግ ጋር ተጣልታ የጦር መሣሪያ እርዳታዋን አቋርጣ ነበር። ኤፍ-5ቶቹ ደግሞ የአሜሪካ ሥሪት ናቸው። እነ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ የሶማሊያን ሚጎች መትተው የጣሉት በእነዚያው አውሮፕላኖች ነው። ለገሠ በሶማሊያ እስር ቤት የከፈሉት 11 ዓመት አይረሳም። ግን በዚያ ሰዓት የእያንዳንዱን አውሮፕላን ሁለት ሞተር ፈትሸው «ይብረር» ብለው የፈረሙትን የደብረ ዘይት መካኒኮች ስንቱን በስም እናውቃለን?

ያ እውቀት በ1983 ተበተነ። የደርግ ጦር ነው ተብሎ ባለሙያው ታሰረ፣ ተሰደደ፣ ቤቱ ተቀመጠ። በ1990 ሻዕቢያ ባድመ ሲገባ ግን ያባረራቸው መንግሥት ራሱ የድሮዎቹን ሰዎች ፈልጎ ጠራ። ሱኮይ-27ቶቹም ከሩሲያ የመጡት ከነባለሙያዎቻቸው ነው።

«ሰሜን ሸዋ ላይ እናቶች ከሰማይ ድምፅ ሲሰሙ ልጆቻቸውን እየሰበሰቡ ስለ ጄት ሞተር ምን ያስጽፍሃል?» የሚለኝ አይጠፋም። ቁጣው ይገባኛል፤ ለቅሷችንን ገና አልጨረስንም። ግን መንግሥት ይሄዳል፣ መፈተሻ ክፍሉና የሚያውቀው እጅ ይቀራሉ። በጃንሆይ ዘመን የሠለጠነው መካኒክ ነው በደርግ ዘመን ድንበር ያስጠበቀው። እኛ ነገ አገር እንረከባለን የምንል ከሆነ የምንረከበው ባንዲራውን ብቻ አይደለም።

«የኛ ልጆች ለምን አይገቡም?» የሚለው ጩኸትም እውነት አለው። ማስታወቂያ ሳይወጣ በዘመድ የሚሞላ የሥራ ቦታ ዲግሪውን ይዞ ቁጭ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔንም ጨምሮ። መልሱ ግን ኮታ አይደለም። የንዝረት መለኪያው «ከየት ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ውድድሩ ግልጽ ይሁን፣ ፈተናው ይክበድ፣ የመንዝ ልጅ ከመጣበት አይመለስ፤ ይህን ነው መጠየቅ ያለብን። ከችሎታ በፊት ፉከራ ሲቀድም ምን እንደሚመጣ ሜቴክ አሳይቶናል፤ በነሐሴ 2010 የሕዳሴው ግድብ ሥራ ሲነጠቅ አንድም ተርባይን ሥራ አልጀመረም ነበር። ደጀን አቪዬሽን፣ ያ የቢሾፍቱው የጦር አውሮፕላን ጥገና ድርጅት፣ በአንድ ወቅት በዚሁ ሜቴክ ሥር ነበር።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ ቦሌ አለለት። አየር መንገዱ በ1938 ሲጀመር የሚመራውም የሚጠግነውም የአሜሪካው ቲደብሊውኤ ሰው ነበር። ዛሬ የሌላ አገር አየር መንገዶችን አውሮፕላን ተቀብሎ ይጠግናል፣ ሞተርም ፈትቶ ገጥሞ በራሱ ቴስት ሴል ይፈትሻል። ይህ ሁሉ የመጣው ሐበሻው ከፈረንጁ ጎን ቆሞ፣ ዘይት ነክቶ፣ ዓመታት ቆጥሮ ነው።

ከናንተ መካከል አባቱ ወይም አጎቱ ደብረ ዘይት ሞተር ክፍል የሠራ ካለ፣ ቡና አፍልታችሁ አስወሩልን። የአውሮፕላን ብዛትም ምስጢርም አንፈልግም። ሞተር ሲታመም ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ማጣሪያ ላይ የተገኘ ብናኝ ምን እንደሚመስል፣ አለቃ «ቶሎ ፈርም» ሲል እንዴት «አልፈርምም» እንዳሉ ጠይቁልን። በኢንቦክስ ላኩት፣ እንለጥፈዋለን።