ብልጭታው ጥላ ውስጥ አይደርስም

ሻጋታን በአልትራቫዮሌት ብልጭታ መግደል ይቻላል ወይ? ይቻላል። ከዜኖን መብራት በቅጽበት የሚፈነጥቀውን ኃይለኛ ጨረር፣ በተለይም በ260 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ የሻጋታው ዲ.ኤን.ኤ. ይውጠዋል። ጎን ለጎን ያሉ ታይሚኖች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ዲ.ኤን.ኤ.ው በትክክል ስለማይገለበጥ ሕዋሱ መራባት ያቅተዋል። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ግን አንዳንድ ሻጋታዎች በብርሃን በሚሠራ ኢንዛይም ይጠግኑታል።

ቢሆንም ለበርበሬ ከመብራቱ በፊት ሸራና ከመሬት ከፍ ያለ ማድረቂያ አልጋ ይቅደም እንላለን። ጨረሩ ላዩን እንጂ ውስጡን አያገኘውም፤ የተጨማደደ በርበሬ ደግሞ እጥፋቱ ሁሉ ጥላ ነው፤ የፍሬው ሆድማ ጨለማ ነው። እርጥበቱ ካልወጣ እዚያ የተረፈው ሻጋታ እንደገና ይስፋፋል። አስቀድሞ ያመነጨው አፍላቶክሲንም ሻጋታው ስለ ሞተ ብቻ ከበርበሬው አይወጣም።