«እንኳን ደህና መጣችሁ» ካልን በኋላስ?

አዲስ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ከተማዋ እንጅባራ እንግዳ አይጠፋባትም። ከቆላ የመጣው ልጅ የከተማዋ ብርድ አጥንቱ ድረስ ዘልቆት ጋቢ ሲያፈላልግ፣ ነባር ተማሪዎች ሻንጣውን ተቀብለው ዶርም ያደርሱታል። ይህን በጎ ልማድ የሚነቅፍ የለም። የሚያስነቅፈው በየዩኒቨርሲቲው አዲስ ተማሪን መርዳት ማለት ብዙውን ጊዜ ይኸው ብቻ መሆኑ ነው። ሬጅስትራሩ ስለ መታወቂያ፣ የተማሪዎች አገልግሎት ስለ ካፌ ሰዓት፣ ጥበቃው ስለ ግቢ ደንብ ተናግረው ሲጨርሱ ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ የሚወድቀው ተማሪ በራሱ ስንፍና እንደወደቀ ይታሰባል። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባልለታል። ምክሩ ግን ተሰጥቶ ያለቀው ተማሪው አንድም ኮርስ ሳይጀምር፣ ምን እንደሚቸግረው ሳያውቅ ነው።

የስንፍናው ክስ በቁጥርም አያስኬድም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ያህል። ሌሎቹም የገቡት ሬሜዲያል የተባለውን የማካካሻ ትምህርት አልፈው ነው። እንዲህ ካለ ወንፊት የተረፈ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ኤፍ ሲያገኝ፣ ከእሱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ያስገባው ግቢ ነው።

ከአዊ ገጠር የመጣች አንዲት ፍሬሽ እናስብ። ፊደል የቆጠረችው በአውኚ ነው፤ አማርኛ ተከተለ፤ አሁን የሎጂክ ሀንድአውት በእንግሊዝኛ ተሰጥቷታል። እያሰመረች ታነባለች፣ ከየቃሉ በላይ ፍቺውን በአማርኛ ትጽፋለች። ገጹ በፍቺ ተሞልቶ ሲያልቅ የመከራከሪያው ሐሳብ ግን አልተያዘም። ስለዚህ ትቸክላለች። ሚድ ትፈተናለች፤ ውጤቱ ፋይናል ሲቃረብ በር ላይ ይለጠፋል፣ መታወቂያ ቁጥርና ነጥብ ብቻ። የቱ ጋ እንደሳተች የሚነግራት የለም፤ ብታውቀውም የምታርምበት ጊዜ አልፏል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ ዓላማው ይህን የዝግጅት ክፍተት መሙላት ነበር። ኮርሶቹ ተመለሱ፤ ድጋፉ ግን አብሮ አልመጣም።

የተሻለ መንገድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ዩሪ ትራይዝማን ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ መረመረ። ያገኘው ስንፍናን አይደለም፤ በትጋት ግን ለየብቻ እንደሚያጠኑ ነው። ሰብሰብ አድርጎ ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን በጋራ ሲያሠራቸው ውጤታቸው በግልጽ ተሻሻለ። እኛም «1ለ5» ብለን የጥናት ቡድን መሥርተን ነበር፤ በብዙ ቦታ የተረፈው ግን የስም ዝርዝርና የሪፖርት ቅጽ ነው። የትራይዝማን ተማሪዎች የሚሰበሰቡት ጥያቄ ለመሥራት ነበር።

«በጀት የለም፣ መምህሩም በክፍለ ጊዜ ተጨናንቋል» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሚያስፈልገው ሕንፃ አይደለም። በአራተኛው ሳምንት አጭር ፈተና ይሰጥ፤ ወረቀቱ ታርሞ በሳምንቱ ይመለስ። በዚያ ፈተና የወደቀውን ተማሪ ስሙን የሚያውቅ አንድ መምህር ይጥራው። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፈ ሲኒየር አነስ ያለች አበል እየተከፈለው ቡድን ይምራ። ለኦረንቴሽን የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ከፊሉ ወደዚህ ቢዞር ብዙ ያስጀምራል።

ግቢዎችም የሚመዘኑበት መስፈርት ይቀየር። ስንት ተማሪ ተቀበልን የሚለው ሪፖርት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲዘጋ ከገቡት ስንቱ እንዳለፉ፣ ስንቱ በዋርኒንግ እንደቀሩ፣ ስንቱ እንደተሰናበቱ በየኮርሱ ለሕዝብ ይገለጽ። ግማሽ ክፍል የሚወድቅበት ኮርስ ካለ፣ መጀመሪያ ማብራሪያ የሚጠየቀው የትምህርት ክፍሉ ይሁን።