ከመምከር በፊት መስማት

«ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የቆየ ነው፤ እውነትም አለበት። ዳሩ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም መካሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አያዝም። እኔ በምክር አገልግሎት ሙያ ገና ተለማማጅ ብሆንም፣ ስለዚሁ ጉድለት ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

የተወለድሁት በአገው ምድር በአዊ፣ በቆሰበር ነው። ታላቅ ወንድሜ በትምህርቱ የተመሰገነ ልጅ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይቀናው በቀረ ጊዜ መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ እህል ጠላ፤ በመጨረሻም ዝም አለ። ያን ጊዜ መካሪ አልጠፋም። አባታችን «ወንድ ልጅ አይሸነፍም» አሉት፤ ጎረቤት «ስንፍና ነው» አለ፤ አክስታችን ጠበል ወሰዱት። ሁሉም ያደረጉት በፍቅር ነበር። ነገር ግን «ሌሊት ምን ታስባለህ?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ሐኪም ዘንድ ደረሰ፤ መድኃኒቱም እንቅልፉን መለሰለት። አንድ ምሽት እናታችን አጠገቡ ተቀምጣ በአገውኛ ስታነጋግረው፣ ለሐኪሙ በአማርኛ ያልወጣው ቃል ወጣው፤ ሞትን ሲመኝ እንደ ከረመ ነገራት። እርሷም አልተቆጣችም፤ ሰማችው፤ በማግሥቱም አብራው ወደ ሐኪሙ ሄደች። ከዚያ በኋላ አጎታችን ፈረስ እንዲጠብቅላቸው ሰጡት። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ ወንድሜ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሰው መካከል ታየ።

ታዲያ ያዳነው የትኛው ነው? መድኃኒቱ ነው? የእናቱ ቋንቋ ነው? ጸሎቱ ነው? ወይስ ፈረሱ? እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው ራሱ ስሕተት ነው። ሰው ሥጋ ብቻ፣ አሳብ ብቻ ወይም ዘመድ ብቻ አይደለምና። የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያም እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ጤናን የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት ነው ይለዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1977 ሕክምና ከአካል ጋር የሰውየውን ልቡናና ኑሮ አብሮ እንዲመለከት ያሳሰበው ስለዚሁ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሁሉን እይዛለሁ የሚል አንዱንም አይዝም» ይሉ ይሆናል። ነቀፋው ተገቢ ነው። አማካሪ ሐኪምም ቄስም ዳኛም አይደለም። ሥራው ስለ ሁሉም መጠየቅ፣ ምሥጢር መጠበቅ፣ እያንዳንዱንም ጉዳይ ወደ ባለቤቱ መምራት ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰው የሐኪሙን መድኃኒት ይተው ማለት አደጋ ነው፤ መድኃኒት የሚወስድም እምነቱን ይጣል ማለት ድፍረት ነው።

ሌላም አደጋ አለ፤ እርሱም ከራሴ ነው። ዝም ያለ ወጣት ባየሁ ቁጥር ወንድሜን ያየሁ ይመስለኛል። በልምምዴ መጀመሪያ አንዱን ወጣት ታሪኩን ሳይጨርስ «ፈተና ወድቀህ ነው?» ብዬ አቋረጥሁት። ነገሩ ግን ሌላ ነበር፤ እናቱ ሞተውበት ነበር። ያለፈ ሕይወታችን ጆሮአችንን ይከፍታል፤ ካልተጠነቀቅን ግን መልሶ ይደፍነዋል።

ለብዙ ዘመን በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር፤ ይህም ከቆሰበር ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ዛሬ ሕክምናው በየክፍለ ሀገሩ እየተስፋፋ ቢሆንም ባለሙያው ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ እናንት ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት፣ የመጀመሪያው ጆሮ የእናንተ ነው። ጓደኛችሁ ከትምህርት ቢቀር፣ ከእናንተ በታች ያለው ሠራተኛ ሥራ ቢያጓድል፣ ከተግሣጹ በፊት እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ቤቱን ጠይቁ፤ ሞትን የሚመኝ ከሆነም ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሐኪም አድርሱት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሚሰማው ሳያገኝ በሽታውን ለማን ይንገር?