የጣሪያ ታንከሮቻችን በቦሌ ፀሐይ ይፈተኑ



ከገርጂ እስከ አያት፣ ከሰሚት እስከ ቦሌ አራብሳ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው ጣሪያውና ሰገነቱ በፕላስቲክ የውሃ ታንከር ተሞልቶ ያያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ታንከር መኖር አይቻልም። የታንከሮቹና በጣሪያ ላይ የሚዘረጉት ቧንቧዎች ጥንካሬ ግን የሚለካው ገና አዲስ ሳሉ ነው። መለካት ያለበት ፀሐያችን ከመታቸው በኋላ ነው ባይ ነኝ።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከምድር ወገብ የራቅነውም 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህ ጨረር ፕላስቲኩ የተሠራበትን ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ይበጣጥሳል። ፀሐይ ላይ የከረመ ጄሪካን ሲያነሳ እጀታው እጁ ላይ የቀረበት ሰው ውጤቱን ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ይፋጃል፤ ታንከሩም በፈረቃው ልክ ሲሞላ ይወጠራል፣ ሲጎድል ይላላል።

በቤተ ሙከራ ናሙናው እስኪበጠስ ሲጎተት ሁለት ነገር ይለካል፦ ምን ያህል ኃይል እንደቻለና ምን ያህል እንደተለጠጠ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ታንከሮቹ የሚሠሩበት ፖሊኢትሊን ፀሐይ ሲጎዳው የሚችለው ኃይል ብዙም ሳይቀንስ የመለጠጥ አቅሙ ቀድሞ ሊያሽቆለቁል ይችላል። በሙያው የተለመደው መለኪያም መለጠጡ ከመነሻው በግማሽ ሲወርድ ዕቃው አገልግሎቱን ጨርሷል የሚል ነው። ስለዚህ ሻጭ የሚያሳየን የአዲስ ዕቃ የጥንካሬ ቁጥር ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ምንም አይነግረንም። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧም እንዲሁ ነው። «ፒኤን 20» የሚለው የግፊት ደረጃ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሆነ ውሃ የወጣ ነው፤ በ70 ዲግሪ የሚችለው ግፊት ከግማሽ በታች ይወርዳል። እኛ ግን ከፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ጋር አገናኝተን ሽፋን ሳናለብሰው ጣሪያ ላይ እንዘረጋዋለን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ድሪምላይነር አውሮፕላን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ በካርቦን ፋይበር የተጠናከረ ፖሊመርና መሰል ውሁድ ቁስ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ቁስ ንድፍ የሚሠራው ሙቀትና እርጥበት ካዳከመው በኋላ በሚቀረው ጥንካሬ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ማዶ ያለ ቤተሰብ የሚጠጣውን ውሃ የሚያጠራቅምበት ዕቃስ ለምን በዚሁ መርህ አይመዘንም?

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በፍሎሪዳና በአሪዞና እንደሚደረገው፣ ከገበያ የተገዙ የታንከርና የቧንቧ ናሙናዎች ከቦሌ ጣሪያዎች በአንዱ ላይ በብረት መደርደሪያ ለፀሐይ ይሰጡ፤ በየዓመቱ እየተነሱ ይጎተቱ። በቤተ ሙከራ ፀሐይን የሚተካው የዜኖን መብራት ፈጣን ውጤት ይሰጣል፤ ነገር ግን ከእኛ ፀሐይ ጋር ካልተነጻጸረ አይታመንም። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ይህን መሥራት ይችላሉ።

ዋጋ ይንራል የሚሉ ይኖራሉ። ጥቁር የፖሊኢትሊን ቧንቧን ከጨረር የሚከላከለው 2 በመቶ ያህል የካርቦን ጥላሸት ነው፤ ይህ አምራችን አያከስርም። የሚያከስረው ጣሪያ ላይ የተሰነጠቀ ታንከር ነው፤ እሱንም የሚከፍለው ነዋሪው ነው። የመንግሥት ሕንፃና የኮንዶሚኒየም ጨረታዎች ከፀሐይ በኋላ የተለካ የመለጠጥ ውጤት ያላቀረበ አቅራቢን መቀበል ያቁሙ፤ የፈተናው ውጤትም በየምርቱ ስም ለሕዝብ ይገለጽ።


የሕንፃ ቧንቧ ሥራ ባለሙያ፣ ከሰሚት